የአክሲዮን መርዶ

ኒውዮርክ ላይ የአክሲዮን ገበያው የሚከፈተው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው፤ ያኔ እኛ በምንኖርባት በኦሮራ ከተማ ገና አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ታክሲ የምነዳው ከሰዓት በኋላ ስለነበር ጠዋቴን ለገበያው ሰጠሁት። ፊቴን ሳልታጠብ ቴሌቪዥኑን እከፍትና ከስር የሚያልፉትን ቁጥሮች ደብተር ላይ እመዘግባለሁ፤ የወረደውን በቀይ፣ የወጣውን በአረንጓዴ እስክሪብቶ። በልጅነቴ እንደዚያ ተግቼ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ዶክተር ነበርኩ።

እውቀቴን የቀሰምኩት ከኤርፖርት ነው። ከረባት ያሰሩ ተሳፋሪዎች ከኋላ ወንበር በስልክ የሚያወሩትን እየሰማሁ እገዛለሁ፣ እየሰማሁ እሸጣለሁ። አንዱ «ባንኮቹ አሁን ርካሽ ናቸው» ሲል ሰማሁና ግሪን ቫሊ ራንች የሚባል ሰፈር ልንገዛ ላሰብነው ቤት ቅድሚያ ክፍያ ያጠራቀምነውን በሙሉ ስቶክ በሚሉት በባንኮቹ አክሲዮን ላይ አዋልኩት። የስድስት ዓመት ጥሪት ነው። ግማሹን ያመጣችው ባለቤቴ ናት፣ በአረጋውያን መጦሪያ ድርብ ሺፍት እየሠራች። እሺ ያለችኝ ደብተሬን አይታ ነው። በሁለት ቀለም የተጻፈ ነገር ማን አያምንም?

ከሥራ ስትወጣ ትደውልልኛለች። «ዛሬስ እንዴት ዋለ?» ትለኛለች፣ የታመመ ዘመድ እንደምትጠይቅ።

«ትንሽ ተሽሎታል» እላታለሁ።

በፈረንጆቹ 2008 መጸው ላይ በሽተኛው አልጋ ያዘ። ጥቅምት ሳያልቅ ከገንዘባችን ሩቡ እንኳ አልቀረም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ልነግራት አፌን እከፍትና ስለ ቅዝቃዜው አወራለሁ። ደግነቱ እሷም መጠየቅ ትታ ነበር። ሥራ በዝቶባት መሰለኝ።

ጭንቀቴ ሲብስ ሁለት በር አልፈው ለሚኖሩት፣ ሁላችንም ጋሼ ለምንላቸው ሽማግሌ ሁሉንም ተናዘዝኩ።

«ልጄ፣ ይሄ መርዶ ነው» አሉኝ። «መርዶ ደግሞ ደንብ አለው። ብቻህን አትነግራትም።»

በደንቡ መሠረት ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ጋሼ ጥቁር ካፖርታቸውን ለብሰው፣ ባለቤታቸው እትዬም ነጠላቸውን ተከናንበው በራችንን አንኳኩ። እኔ ከፍቼ አንገቴን ደፍቼ ቆምኩ። ባለቤቴ ከመኝታ ቤት ወጣች። ጋሼን አየች፣ እትዬን አየች፣ እኔን አየች።

«ወይኔ እናቴን!» ብላ ወለሉ ላይ ተዘረረች።

እናቷ ጎንደር ናቸው፤ ስኳር አለባቸው። ይህን እኔም አሳምሬ አውቅ ነበር፤ ግን ለአንዲት ደቂቃ እንኳ ትዝ አላለኝም። ጩኸቷን የሰሙ ሁለት ጎረቤቶች ከፎቅ በጋቢ ወርደው፣ ማን እንደሞተ ሳይጠይቁ ማልቀስ ጀመሩ።

«ኧረ ልጄ፣ እናትሽ ደህና ናቸው» አሉ ጋሼ ደንግጠው። «የሞተው ስቶኩ ነው።»

ለቅሶው ቆመ። ባለቤቴ ቀና ብላ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ስቶኩ ነው እንዴ?» አለች። «ጋሼ፣ እሱን እኮ አልቅሼ ከጨረስኩ ቆየሁ። እሱን ስለማውቅ ነው፣ እርስዎን ሳይ ለመርዶ የቀረችው እናቴ ብቻ ናት ያልኩት።»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ቲቪውን ኦን አላደረግክም። ገበያውን ቼክ የማደርገው እኮ አንተ ፊት ላይ ነው። እስክትነግረኝ ነበር የጠበቅኩህ።»

የምገባበት ጠፋኝ። እሷ ግን እንግዶቹን ቁርስ ሳትበሉ አትሄዱም ብላ አስቀመጠችና የስልክ ካርድ ፈልጋ ለእናቷ ደወለች። ምን ሆነሽ ነው ሲሏት፣ ድምፅዎን ልስማ ብዬ ነው አለቻቸው። ካርዱ እስኪያልቅ አወሩ። ስለ ቤቱ አንድ ቃል አልተነፈሰችም።

አጠገቧ ተቀምጬ አየኋት። ሁለት ዓመት በየጠዋቱ ቁጥር ስመዘግብ የኖርኩት ሰው፣ ፊቷ ምን ያህል እንደከሳ ያየሁት ያን ቀን ነው።