ባለ አሥራ አራት መስመሩ ሽምግልና

ካሊፎርኒያ፣ ሳንሆዜ የሚሠራ አንድ የሶፍትዌር ሰው ሊያገባኝ ፈልጎ ነበር። እኔም ፈልጌ ነበር፤ እዚህ ላይ አልዋሽም። የሳበኝ ደመወዙ ወይም ቁመናው ሳይሆን፣ በርክሌ ካለው ሆስፒታል ከሥራ ስወጣ ስልኬ ላይ የሚጠብቀኝ፣ እሱ የሚልክልኝ የድሮ የእንግሊዞች የፍቅር ግጥም ነው። ሶኔት ይሉታል፤ አሥራ አራት መስመር ነው፣ ቤት ይመታል። ባቡር ውስጥ ቆሜ አነበዋለሁ፤ ኦክላንድ እስክደርስ እደጋግመዋለሁ።

እርግጥ ግጥሙ እኔን አያውቀኝም። ጉንጭሽ በረዶ፣ ፀጉርሽ የወርቅ ክር ይለኛል። እኔ ጠይም ነኝ፣ ፀጉሬም አብዛኛውን ጊዜ ሹሩባ ነው። ገጣሚውም ቢሆን ስለሚወዳት ሴት ዓይን ጥቂት ካወራ በኋላ ወደሚወደው ርዕስ ይሻገራል፤ ወደ ራሱ ብዕር። አንቺ ታረጃለሽ፣ ትሞቻለሽ፣ ግጥሜ ግን አይሞትም ይላታል። ይህን ብሎ ምስጋና ይጠብቃል። ሴትየዋ ምን እንደመለሰችለት የነገረን የለም። እኔ ግን ይህን ሁሉ እያወቅሁ ደስ ይለኝ ነበር። ብዙ መቶ ዓመት የተሻገረ ቃል እኔን ፍለጋ የመጣ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሽማግሌ ላከ። ሦስት አባቶች ወላጆቼ ቤት መጡ፤ እሱ ውጭ መኪናው ውስጥ ይጠብቃል። አባቴ "ተቀመጡ እንጂ" ቢላቸው፣ እንደ ወጉ "ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም" አሉ። እኔ ከወጥ ቤቱ በር ጀርባ ቆሜ እሰማለሁ። ትልቁ ሽማግሌ መነጽራቸውን አድርገው ስልካቸውን አወጡ።

"ልጁ ትራንስሌት አድርጎ የላከልኝ ነው፤ አንብቡልኝ ብሏል" አሉና ጀመሩ። "ውበትሽ ይረግፋል፤ ፊትሽ ይጨማደዳል፤ መቃብር ትወርጃለሽ..."

እናቴ አላስጨረሰቻቸውም። "ክፉ አይንካት! እኔ ቤት መጥተው በልጄ ላይ ያሟርታሉ?"

"እኔ እኮ የተላከልኝን ነው ያነበብኩት፣ እህቴ።"

አጠገባቸው የቆሙት ሽማግሌ "ወደ መጨረሻው ይዝለሉ፣ ጋሼ" ብለው አንሾካሾኩላቸው። ዘለሉ። መጨረሻው ግጥሙ ራሱን የሚያመሰግንበት ሆኖ ተገኘ።

አባቴ ሳቁን ዋጠ። "ጥሩ ነው። ለመሆኑ ይሄ ልጅ የልጄን ምኗን ወደደ?" አለ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ፤ ይህን አልተላኩም። አባቴ ወደ ወጥ ቤቱ ዞረና "ሂጂ ጠይቂው፤ መልሱን ይዘን እንነጋገራለን" አለኝ።

በጓሮ በር ወጣሁ። የመኪናውን መስኮት ዝቅ አደረገ።

"እንዴት ነው፣ ላይክ አደረጉት?"

"ምኔን ነው የወደድከው? በራስህ አፍ ንገረኝ፤ አባዬ እየጠበቀ ነው።"

አንዲት ነገር ብትሆን ይበቃኝ ነበር። እየበላሁ ስለማውራቴ ቢያነሳ፣ ባቡር ሁልጊዜ ስለሚያመልጠኝ ቢያነሳ፣ እሺ እል ነበር።

"ዌይት፣ አንድ ሰከንድ" አለና ስልኩ ላይ ግጥም መፈለግ ጀመረ።

ገብቼ "አይሆንም በላቸው" አልኩት አባቴን። ከዚያ መኝታ ቤቴን ዘግቼ አለቀስኩ፤ እወደው ነበር።

ዛሬም ከሥራ ስወጣ ባቡር ውስጥ እነዚያን ግጥሞች አነባለሁ። አሁንም ደስ ይሉኛል፣ የሚያናድደኝም ይሄ ነው። ገጣሚው እንደፎከረው ግጥሙ አልሞተም፤ የላኪውን ቁጥር ግን አጥፍቼዋለሁ።