መልሱን ብቻ የተማረችው እህቴ

እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ስትሠራ ከንፈሮቿ መሀል ስፒል ትደረድራለች፤ ስለዚህ ለሰው ሁሉ በአጭሩ ነው የምትመልሰው። ደንበኛ "እጅጌው አልጠበበም?" ሲላት "እምም" ትላለች። "መቼ ልምጣ?" ሲላት "ማክሰኞ" ትላለች። የሠፈሩ ሰው ልብስ ሁሉ ማክሰኞ የሚደርሰው፣ እኔ እንደምጠረጥረው፣ "ማክሰኞ" ስፒል ሳያስጥል የሚወጣ ቃል ስለሆነ ነው። እኔ ታናሿ ነኝና "እትዬ" እላታለሁ፤ ሠፈሩም ከኔ ወርሶ፣ በዕድሜ የሚበልጧት ሳይቀሩ፣ እትዬ ይሏታል።

ይቺ እህቴ በሃምሳ ስድስት ዓመቷ እንደገና አፍ ፈታች። ያውም በሰው አገር ቋንቋ! ነገሩን ሳስበው አሁንም ብቻዬን እስቃለሁ፤ ብቻዬን ከምስቅ ደግሞ እናንተም ብትሰሙት ይሻላል።

የጀመረው በስልክ ነው። አንድያ ልጇ ውጭ አገር ተምሮ፣ እዚያው አግብቶ ሲኖር ቆይቶ አንድ ቀን ደወለ።

"እማዬ፣ ደስ የሚል ነገር ልነግርሽ ነው።"

"አረገዘች?"

"እንዴት አወቅሽ?"

"ደስታና ፍርሃት አንድ ላይ ሲመጡብህ ድምፅህ ይቀጥናል። በል ቀጥል።"

ቀጠለ። እዚህ አገር ቤት የመንገድ ሥራ አግኝቷል፤ ሥራው ግን ከከተማ በራቀ ካምፕ ውስጥ ነው፣ ካምፑ ሐኪም የለውም። ስለዚህ ሚስቱ እስክትወልድ እናቱ ቤት ትቀመጣለች፤ እሱ ቅዳሜና እሁድ ይመጣል።

"ቤቴ ቤቷ ነው" አለች እትዬ።

"ካልተመቻት ግን እናቷ ጋ ተመልሳ ትወልዳለች። ሆዷ በጣም ከገፋ አውሮፕላን አይጭናትም፤ ከዚያ በፊት መወሰን አለባት። ትኬቷ ደርሶ መልስ ነው፣ እማዬ።"

እትዬ ስልኩን ዘጋች። መቀሷን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠች። "ደርሶ መልስ" አለች ለራሷ፣ መርዶ እንደተነገረው ሰው።

"አይዞሽ፣ ትለምድሻለች" አልኳት።

"ምኔን ትልመድ? መልኬን? ሰው የሚለመደው ሲያወራ ነው። ቋንቋዋን እማራለሁ።"

"አንቺ? በዚህ ዕድሜሽ?"

"ምን አለበት? ምላሴን እንደሆነ ብዙም አልሠራሁበት፤ አዲስ ነው።"

የቋንቋ ትምህርት ቤቱ ከጎሚስታ ቤት በላይ ያለ አንድ ክፍል ነው። ታች ጎማ ሲነፋ ላይ ወለሉ ይንቀጠቀጣል፤ መምህርቷም ቃሉን መሀሉ ላይ ታቆመውና መንፊያው ጸጥ ሲል ትጨርሰዋለች። የዚያ ክፍል ተማሪዎች "ማንኪያ" የሚለውን የባዕድ ቃል እስከ ዛሬ መሀሉ ላይ ትንፋሽ ወስደው ነው የሚሉት።

ተማሪዎቹ ውጭ ሄደው ሊማሩ የሚያስቡ ወጣቶች ናቸው። ለእትዬ በዕድሜ የሚቀርቡ አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር። በእግራቸው ሲሄዱ እንኳ ከመታጠፋቸው በፊት እጃቸውን ስለሚዘረጉ ልጆቹ ፍሬቻ አሏቸው፤ እሳቸውም ስሙን ወደዱት። መምህርቷ በመጀመሪያው ቀን "አባቴ፣ እርስዎ ለምን ፈለጉት?" ብላ ጠየቀቻቸው።

"ልጄ፣ ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት 'ሾፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው' ከሚል ጽሑፍ ሥር ነው። ባለቤቴም አረፈች። አሁን ማውራት አማረኝ። በራሳችን ቋንቋ እንዳላወራ ጓደኞቼ ወሬዬን ሁሉ ጨርሰውታል።"

መምህርቷ ሁለቱን አንድ ዴስክ ላይ አጣመረቻቸው። አሠራሯ እንዲህ ነው፤ መጽሐፉ ላይ ካለው ንግግር አንዱ ጥያቄውን፣ ሌላው መልሱን ይይዛል፤ ከዚያ ይለዋወጣሉ። ሌሎቹ ተለዋወጡ። እነዚህ ሁለቱ ግን በፍጹም! ጋሼ ፍሬቻ መጠየቅ ጠምቷቸዋል፤ እትዬ ደግሞ ስትመልስ የኖረች ሰው ናት። "ስንት ልጆች አሉዎት?" ሲሏት "አንድ ልጅ አለኝ፣ አመሰግናለሁ።" "ምን ይጠጣሉ?" ሲሏት "ሻይ ያለ ስኳር፣ አመሰግናለሁ።"

"እናቴ፣ አሁን ደግሞ እርስዎ ይጠይቁ" አለቻት መምህርቷ። "መጠየቅ ያደርጋል ሊቅ ሲባል አልሰሙም?"

"እኔ ሊቅ ለመሆን አልመጣሁም፣ አያት ለመሆን ነው" አለች እትዬ። "እሳቸው ይጠይቁ፤ ያምርባቸዋል።"

ጋሼ ፍሬቻ ኮታቸውን አስተካከሉ። በዚያው ቀረ።

ወራቱ እንዲህ አለፉ። እትዬ መልሶቿን በመቁረጫ ጠረጴዛዋ ላይ በጠመኔ ትጽፋለች። አንድ ቀን የአንድ ነጋዴ ሱሪ ጠረጴዛው ላይ ተነጥፎ ውሎ ኖሮ፣ ሰውየው መቀመጫው ላይ "ባለ ሁለት አልጋ ክፍል እፈልጋለሁ" የሚል የባዕድ ጽሑፍ ተገልብጦ ታትሞበት ከተማውን ሲዞር ዋለ። ደግነቱ የሚያነብለት አላገኘም።

ምራቷ ከባሏ ጋር መጣች። ረዘም ያለች፣ ዓይነ ደግ፣ እጇን ከሆዷ የማታነሳ ልጅ። በሩ ላይ በቋንቋዋ "ደህና ነዎት?" አለቻት።

"ደህና ነኝ፣ አመሰግናለሁ!" አለች እትዬ።

ልጇ አፉን ይዞ ቀረ። ምራቷ በደስታ አንድ ሁለት ነገር ጠየቀቻት፤ ያለ ምንም መንተባተብ መለሰች። እኔማ አጨበጨብኩ። ሰኞ ጠዋት ልጇ ወደ ካምፑ ሄደ፤ ቤቱም ጸጥ አለ።

ለካ ምራቷ ከሰላምታ አልፎ ሰውን በጥያቄ ማስቸገር ነውር ነው ተብላ ያደገች ጨዋ ናት። እትዬ ጥያቄ ትጠብቃለች፤ እሷ አትጠይቅም። "ብዪ" እና "እረፊ" በእጅ ይነገራል፤ ከዚያ ያለፈው ግን እጅ አይበቃውም። ስልክ ይተረጉማል ሲባል ሰምተው ሞከሩት፤ ስልኩ እንደ ዳኛ በመካከላቸው ተቀመጠና ሁለቱም ተከሳሽ ይመስል አፈሩ።

በሁለተኛው ሳምንት እትዬ ቤቴ መጥታ ወንበር ላይ ዘፍ አለች።

"መልሱ ሁሉ አለኝ! የቱንም ብትጠይቀኝ እመልሳለሁ። አትጠይቀኝም!"

"ታዲያ አንቺ ጠይቂያታ።"

"በምን አፌ? እኔ የተማርኩት መልሱን! ትናንት ሶፋው ላይ ኩርምት ብላ በመስኮት ታያለች። ምን ሆንሽ ልጄ ልላት ፈለግሁና አፌን ስከፍት ምን ቢወጣ ጥሩ ነው? 'ሻይ ያለ ስኳር፣ አመሰግናለሁ።' ተነስታ ሻይ አፈላችልኝ!"

ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ፊቷን ሳየው ዋጥኩት።

"ልጄ ደውሎልኛል" አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። "ብቸኝነቱ ከብዶኛል፣ ቀኑ ሳያልፍብኝ እናቴ ጋ ልሂድ ብላዋለች። ቅዳሜ ሲመጣ ሊወስኑ ነው።" ድንገት ብድግ አለች። "ጠያቂዬን ባመጣቸውስ?"

ጋሼ ፍሬቻን የትምህርት ቤቱ ደረጃ ላይ አገኘናቸው።

"ጋሼ፣ ቤቴ መጥተው ይጠይቁኝ።"

"ምነው፣ አሞሽ ነው?"

"አይ፣ እንደ ክፍላችን! ምራቴ ፊት። ወሬ ትስማ፣ በቋንቋዋ ሰው ሲያወራ ትስማ። ዝምታው ሊወስድብኝ ነው።"

"ሱፌን ልልበስ" አሉ ጋሼ ፍሬቻ።

ምራቷ ከክፍሏ ስትወጣ ሳሎኑ ውስጥ እኔን ጥግ ላይ፣ ሁለቱን ደግሞ እንደ ተማሪ ፊት ለፊት ተቀምጠው አገኘች። ጋሼ ፍሬቻ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ከገበያው ምዕራፍ ጀመሩ፤ ያሉትን ለኔ በኋላ ነው የተረጎሙልኝ። "ይህ ባርኔጣ ዋጋው ስንት ነው?" "ውድ ነው፣ ጌታዬ።" "ሌላ ቀለም አለው?" "ሁሉም ቡናማ ናቸው፣ ጌታዬ።" ምራቷ መጀመሪያ በሩ ላይ ቆመች፤ ቀጥላ ወንበር ሳበች፤ ጋሼ ፍሬቻ በሌለ ባርኔጣ ሲከራከሩ ከንፈሯን ነክሳ ሳቋን ያዘች።

ከዚያ ወደ ሐኪም ቤቱ ምዕራፍ ገቡ።

"የት ነው የሚያምዎት?" አሉ ጋሼ ፍሬቻ።

መጽሐፉ ላይ ያለው መልስ "ጥርሴን" ነው። እትዬ ግን "ልቤን" አለች።

ጋሼ ፍሬቻ ቀና ብለው አዩዋት፤ ከመስመር አልወጡም። "ከመቼ ጀምሮ?"

"ምራቴ ዝም ካለች ጀምሮ።" ቃላቱን ከየምዕራፉ ለቃቅማ፣ እንደ ቁርጥራጭ ጨርቅ ገጣጥማ ነው ያወጣቻቸው።

ጋሼ ፍሬቻ እጃቸውን ወደ ጎን ዘረጉ፣ ወንበራቸውንም ወደ ምራቷ አዞሩ። "እርስዎንስ፣ ልጄ? የት ነው የሚያምዎት?"

ልጅቷ እንባዋ ቀደማት። እያለቀሰች ብዙ ተናገረች፤ ሁለቱ ተማሪዎች የያዙት ጥቂቱን ነው። በኋላ ባሏ እንደነገረን ያለችው ይህን ነው፤ ምጥ ሲመጣብኝ በቋንቋዬ ብጮኽ ማን ይሰማኛል፣ የሚሰማኝ በሌለበት ቤት መውለድ ፈራሁ። እትዬ ከዚያ ሁሉ ያወቀችው "መጮኽ"ን፣ "መፍራት"ንና "ማን"ን ነው። በቂ ነበር። ተነስታ ጎኗ ተቀመጠችና እጇን ይዛ "እዚህ ነኝ" አለቻት። መምህርቷ ስም ስትጠራ ተማሪው የሚመልሳት መልስ ናት። "እዚህ ነኝ። እዚህ ነኝ።" ደጋገመችው፤ ቀሪ የሌለበት ክፍል ይመስል።

ቅዳሜ ልጇ ሲመጣ ሦስቱ ሳሎን ተቀምጠው ስለ ባርኔጣው ሲከራከሩ ደረሰ። ምራቷም አሁን መጠየቅ ጀምራ ነበር፤ ጋሼ ፍሬቻ ጨዋታው ላይ ካስገቧት ወዲህ ነውርነቱ ቀረላት። ባሏን ወደ ጓዳ ወሰደችው። እትዬ ስፒል የሌለበት አፏን በመዳፏ ሸፍና ጠበቀች። ልጁ ሲወጣ ድምፁ ቀጥኖ ነበር።

"እማዬ፣ የመመለሻ ትኬቱን ሰርዝልኝ ብላለች።"

እትዬ ምስጋናዋን በአፍ አትጨርስም፣ ትሰፋዋለች። የዚያ ክፍል ሰሌዳ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ እየመታው አይነበብም ነበርና ለመስኮቱ ባለ ገበር መጋረጃ ሰፋች። መምህርቷ ስታየው "እናቴ፣ እኔ እኮ መጠየቅ እንኳ አላስተማርኩዎትም" አለቻት። "የሰጠሽኝ ይበቃኛል፣ የኔ ልጅ" አለቻት እትዬ፤ ግንባሯንም ሳመቻት። ለጋሼ ፍሬቻ ባርኔጣ ሰፋችላቸው፤ ቡናማ።

ምጡ የመጣው በሥራ ቀን፣ ልጇ ገና ከካምፑ መንገድ ላይ ሳለ ነው። እኔና ጋሼ ፍሬቻ የሐኪም ቤቱ ኮሪደር ላይ ተቀመጥን፤ እትዬ ከውስጥ ድምፅዋ ይሰማናል፣ ጋሼ ፍሬቻም ይተረጉሙልኛል። "እዚህ ነኝ" አለች፣ "አዎ፣ በእርግጥ" አለች፣ "ሁሉም ዝግጁ ነው" አለች። የምታውቀው ማጽናኛ አለቀ። ዝም ማለቱን ደግሞ ፈራችው፤ ስለዚህ መጽሐፉ ውስጥ የቀራትን ሁሉ ታወርደው ጀመር።

"ቀጥ ብለው ይሂዱ! ከድልድዩ በኋላ ወደ ግራ ይታጠፉ!"

የጋሼ ፍሬቻ ግራ እጅ ሳያውቁት ተዘረጋ።

ምራቷ በምጥ መሀል ስትስቅ ሰማን። እውነቴን ነው፣ ሳቀች! አዋላጇ "እናቴ፣ ምንድነው የሚሏት?" አለች።

"ወደ ባቡር ጣቢያ የሚወስደውን መንገድ።"

"በሉ እንዳያቆሙ፤ እያገዛት ነው።"

ድልድዩን ስንቴ እንደተሻገሩት አላውቅም። በመጨረሻ የሕፃን ለቅሶ ተሰማ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ እትዬ ሻሿ ወደ አንድ ጎን ተንሸራቶ፣ ፊቷ በላብና በእንባ ርሶ ወጣች። ጋሼ ፍሬቻ ብድግ ብለው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ በዚያው በተማሩት ቋንቋ ጠየቋት፤ "ወንድ ነው ሴት?"

እትዬ አፏን ከፈተች። መልስ የለም። እኔን አየች፣ እሳቸውን አየች።

"ጋሼ... ማየት ረሳሁ! እሷን እሷን ሳይ!"

ጋሼ ፍሬቻ እንዲያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም፤ ግድግዳውን ይዘው ነው የሳቁት። "እንግዲህ ይችን ጥያቄ" አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ "እኔ ገብቼ አልጠይቅልሽም።"

እትዬ ሻሿን አስተካከለች። ዞራ በሩን ገፋ አደረገችና፣ ጋሼ ፍሬቻ ያሉትን ቃል በቃል፣ በምራቷ ቋንቋ ጠየቀች።

ምራቷ መለሰችላት። ሴት ናት።