የተዘጋ ስልክ ላይ የደወሉልን ሰው

ነገሩ የሆነው አባታችን በሞተ ሰሞን ነው። በለቅሶ ጊዜ ብዙ ነገር ይረሳል፤ ማን መጣ፣ ማን ቀረ፣ ማን ምን አለ፣ አብዛኛው ከአእምሮዬ ጠፍቷል። አንድ የማናውቃቸው ሰው ያደረጉልን ነገር ግን እስከ ዛሬ አይረሳኝም። ስለ ውሻ ነው የማወራው። የሚስቅ ካለ ይሳቅ፤ እኛም መጀመሪያ ላይ ስንስቅ ነበር።

ቤታችን መካኒሳ አቦ አካባቢ ነው። አባዬ ጡረታ ከወጣ በኋላ ዋና ጓደኛው መከታ የሚባለው ውሻችን ሆነ። ጠዋት ዳቦ ሊገዙ አብረው ይወጣሉ፣ ከሰዓት አብረው ደጅ ይቀመጣሉ። መከታ ተራ የሐበሻ ውሻ ነው፤ ቡናማ፣ አንድ ጆሮው የታጠፈ።

አንድ ቀን አባዬ ቁልፍ ከሚቀርጽ ሰው ዘንድ ክብ ብረት አሠርቶ መጣና መከታ አንገት ላይ አንጠለጠለለት። ብረቱ ላይ በአንድ በኩል የውሻው ስም፣ በሌላው በኩል የአባዬ ስልክ ቁጥር ተቀርጿል። ያን ቀን የተሳቀበትን ሳቅ አልነግራችሁም። እኔ የቀበሌ ማህተም ብቻ ይቀረዋል አልኩት። እማዬ ደግሞ ለእኔ ቀለበት እስክታስር ስንት ጊዜ ፈጀህ፣ ለውሻው በአንድ ቀን አሠርተህ መጣህ አለችው። አባዬ አልተቆጣም።

"ውሻ አፍ የለውም" አለ። "ጠፍቶ ማነህ ቢሉት ምን ብሎ ይመልስ?"

የቀብሩ ዕለት በራችን እንደማንኛውም ለቅሶ ቤት ወለል ብሎ ተከፍቶ ዋለ። ድንኳን ተተክሏል፣ ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል። መከታን ጓሮ አስረነው ነበር፤ ሰው ፈትቶት ይሁን ገመዱን በጥሶ እስካሁን አናውቅም። ለቀስተኛ የጫኑት አውቶቡሶች ሲነሱ ከኋላቸው እየሮጠ ሲከተል ያየችው አንዲት ጎረቤታችን ናት፤ እሷም የነገረችን ቆይታ ነው። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ደግሞ ውሻ አይገባም። ደርሶ ከሆነም ከበር ተባሮ ይሆናል። በዚያን ሰዓት ማናችንም ወደ ኋላችን አላየንም።

እማዬ ያስታወሰችው ሠልስት ወጥቶ፣ ድንኳኑ ተነቅሎ ቤቱ ጭር ሲል ነው። መከታስ ብላ ጠየቀች። ሁላችንም እርስ በርስ ተያየን።

"ሰውየውን እግዜር ወሰደው" አለች። "ውሻውን ለማን ሰጣችሁት?"

ከዚያ ወዲያ እህል አልወርድ አላት። አጎቴ ሰው ሞቶ ስለ ውሻ ይታዘናል ወይ ብሎ ሊቆጣት ሞከረ፤ ከምንም አልቆጠረችውም። ሐዘንተኛ ወጥታ ሰፈር ለሰፈር መዞር ስለማይሆንላት በር ላይ ወንበር አስወጥታ ትቀመጥ ጀመር። ሊያጽናናት የመጣ ሁሉ ነፍስ ይማር ብሎ ሳይጨርስ ቡናማ ውሻ አይተህ እንደሆነ ትጠይቀዋለች። እኔ ፈራሁ። የአባቴ አፈር ሳይደርቅ እናቴም ዓይኔ እያየ ልታልቅብኝ ነው ብዬ በእውነት ፈራሁ።

ያልፈለግንበት የለም። ፎቶውን ቴሌግራም ላይ ለጠፍኩ። ሰው በሚጠፋበት ዘመን ውሻ ትፈልጊያለሽ የሚል መልስ ነበር የበዛው። አንዱ ነፋስ ስልክ አይቼዋለሁ ብሎኝ ከሥራ አስፈቅጄ ሄድኩ፤ ሌላ ውሻ ሆኖ ተገኘ። ለእማዬ ምን ብዬ እንደምገባ ጨንቆኝ ከታክሲ ከወረድኩ በኋላ ብዙ ቆሜአለሁ።

አንድ ነገር ግን ማናችንም ልብ አላልንም። በለቅሶው ሰሞን የአባዬ ስልክ ሲጮህ ይውል ነበር፤ መሞቱን ያልሰማ ሁሉ ይደውላል። በጮኸ ቁጥር እማዬ እንደ አዲስ ስለምታለቅስ አጎቴ አጠፋውና ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፈበት። ሁላችንም እፎይ አልን። ያ ቁጥር ውሻው አንገት ላይ እንዳለ በዚያ ሐዘን ውስጥ ማን ያስታውስ?

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት፣ ኮፍያ ያደረጉ ጠና ያሉ ሰው በራችን ላይ ቆመው የአባዬን ስም ከነአያቱ ጠሩና ቤቱ ይህ እንደሆነ ጠየቁኝ። አዎ አልኳቸው። ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፣ እማዬ ፊት ጎንበስ ብለው "አላህ ያጽናሽ፣ እናቴ" አሉና ተቀመጡ። የአባዬ የድሮ የሥራ ባልደረባ ናቸው ብለን ሻይ አቀረብን። ሻያቸውን ጠጥተው ሲያበቁ፣ ደጅ አስረው የተውት ነገር እንዳለ ነገሩን። ለቅሶ ሳይደርሱ እሱን ይዘው መግባት ነውር መስሎ ታይቷቸው ነው። ንግግራቸውን ሳይጨርሱ ከአጥሩ ውጭ መከታ ጮኸ።

እማዬ እንዴት እንደተነሳች አላየሁም። ከእኔ ቀድማ በሩ ላይ ነበረች።

መከታ ከስቷል፣ ግን ደህና ነው። ገመዱ እንደተፈታለት ክፍሉን ሁሉ እየዞረ አሸተተ፤ አልጋ ሥር ገባ፣ ጓሮ ወጣ፣ ተመለሰ። ማንን እንደሚፈልግ ገብቶን ሁላችንም አቀረቀርን። እማዬ መሬት ላይ ተቀምጣ አንገቱን ያዘችው።

"የለም፣ መከታ" አለችው። "አትድከም። ሞቷል።"

ሞቷል የሚለውን ቃል ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ሁላችንም አለቀስን፤ እንግዳውም አብረውን አለቀሱ። እማዬ ያን ዕለት እራቷን በላች።

ሰውየው ኑረዲን ይባላሉ። ሀይሌ ጋርመንት የሚባለው ሰፈር የፕላስቲክ ወንበርና የወጥ ቤት ዕቃ ይሸጣሉ። መከታን ያገኙት ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ተኝቶ ነው። ውሻ አይወዱም፤ ይህንንም ሳይሸሽጉ ነግረውናል። ውሻ ከነካቸው ታጥበው፣ ልብስ ቀይረው ነው የሚሰግዱት። ስለዚህ አንገቱ ላይ ያለውን ብረት ያስነበቡት ተሸካሚ ጠርተው ነው። ደወሉ፤ ስልኩ ዝግ ነው። በማግስቱም ደወሉ። ቀስ በቀስ ሱቅ ሲከፍቱና ሲዘጉ መደወል ልማድ ሆነባቸው። እስከዚያው መከታ ከምሳቸው እየተካፈለ የሱቃቸው ሸራ ሥር ከረመ። ጎረቤት ነጋዴዎች ኑረዲን ዘበኛ ቀጠረ እያሉ ሲያፌዙባቸው ሰነበቱ።

እኔን ያስደነቀኝ ከዚያ በኋላ ያደረጉት ነው። ስልኩ አልከፈት ሲላቸው በሞባይል ገንዘብ ለመላክ እንደሚፈልግ ሰው ቁጥሩን አስገቡ። ላኪ እንዳይሳሳት የተቀባዩ ስም ይወጣል አይደል? የአባዬ ስም ወጣ። ስሙን ያዙ፣ መላኩን ተዉት። ይህ ሰው የት ይገኛል የሚለው ቀረ። ለዚህ ደግሞ ዕድር ነበራቸው። በዚያ አካባቢ ያሉ ዕድሮች ወንበርና ሰሃን የሚገዙት ከእሳቸው ነው፤ ዕድር የማያውቀው አባወራ ደግሞ የለም። ከየዕድሩ የመጣውን ደንበኛ ሁሉ፣ ዋጋ ከመከራከራቸው በፊት ይህን ሰው ታውቀዋለህ ብለው ይጠይቁ ጀመር። አላውቀውም ሲሏቸው አይሰለቹም፤ ሌላው እስኪመጣ ይጠብቃሉ።

በመጨረሻ የእኛ ዕድር ንብረት ያዥ መጡ። የመጡት እኛው ቤት ለቅሶ ላይ የተሰበሩ ወንበሮችን ሊተኩ ነው። ስሙን ሲሰሙ ደንግጠው እሱን እኮ ቀብረነዋል አሏቸው። ኑረዲን ሌላ አልጠየቁም፤ ቤቱን ብቻ ጠየቁ። ገበያ በሚደራበት ቅዳሜ ሱቃቸውን ዘጉ፣ ታክሲ ውሻ ስለማይጭን ረጅም ገመድ ፈልገው እስከ መካኒሳ በእግራቸው መጡ።

አጎቴ ለድካማቸው ብሎ እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ ያዙት። እኔ ግን መጠየቄ አልቀረም። ውሻ የማይወድ ሰው ለማያውቀው ሰው ውሻ ለምን ይህን ያህል ይደክማል?

"ውሻ ብቻ ቢሆን አባርረው ነበር" አሉኝ። "አንገቱ ላይ የሰው ቁጥር አለ። ያን ያሰረ ሰው፣ ላገኘው ሁሉ አደራ ብሏል ማለት ነው። ሞቷል ሲሉኝማ አደራውን ይዤ እንዴት ልደር?"

ደግሜ ሻይ ቀዳሁላቸው።

ለአባዬ አርባ ጠራናቸው። እማዬ ለእሳቸው ብላ ሙስሊም ጎረቤታችን ለብቻ በግ እንዲያርዱ አደረገች፤ ድስቱም ሳይቀር የመጣው ከጎረቤት ቤት ነው። ከሚስታቸው ጋር መጡ። መከታ ጭራውን እየቆላ ሊልሳቸው ሲጠጋ እግራቸውን ሰብስበው እዚያው ሆነህ ሰላም በለኝ አሉት። በአባዬ አርባ ላይ እንስቃለን ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ እማዬ ግን እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች።

ከዚያ መከታን ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድነው። ማይክሮቺፕ የሚባል የሩዝ ፍሬ የምታክል ነገር በመርፌ ከቆዳው ሥር አስገባለት። የአንገቱ ማሰሪያ ቢጠፋ እንኳ በማሽን ሲያነቡት መለያ ቁጥር ያወጣል፤ በዚያ ቁጥር የተመዘገበው ስምና ስልክ ይገኛል። ሐኪሙ የማንን ስልክ ልመዝግብ አለ። እማዬ የራሷን ሰጠችው። እሱ ካልሠራ ሌላ የሚደወልለት ሰው ያስፈልጋል አለ። የእኔን ቁጥር መናገር ስጀምር እማዬ በእጇ አስቆመችኝ።

"የኑረዲንን ጻፍ" አለችው። "ስልካችን ተዘግቶም ያገኘን እሱ ነው።"

ሳላስፈቅድ እንዳይሆን ብዬ እዚያው ደወልኩላቸው። ወዲያው አነሱት። ነገሩን ነገርኳቸው።

"ለእናቴ ስልኬን አላጠፋም በያት" አሉኝ።

እስከ ዛሬም አላጠፉትም። ለበዓልም፣ ለሰላምታም እንደውላለን፤ ሁልጊዜ ያነሳሉ፣ መጀመሪያ የሚጠይቁትም ስለ እማዬ ነው፣ ቀጥለው ስለ መከታ። እኔ ከሰው ብዙ የምጠብቅ አልነበርኩም። እኚህን ሰው ካወቅሁ ወዲህ ግን መጠበቅ ጀምሬአለሁ። አንድ የሚቆጨኝ ነገር ቢኖር አባዬ ሳያውቃቸው መሞቱ ነው። ቢተዋወቁ በጣም ይዋደዱ ነበር።