እስከ ቤይሩት አንድ ዳዊት

የሥራ ኤጀንሲው ስልኬ ላይ የላከልኝ ትኬት ከአዲስ አበባ እስከ ቤይሩት በረራው አራት ሰዓት ተኩል ነው ይላል። ልጅ ሳለሁ ይህንኑ ለአያቴ ለአባባ የነገርኳቸው እኔው ነበርኩ።

ያኔ አክስቴ ቤይሩት ከሄደች ስድስት ዓመቷ ነበር። አባባ መንገድ የሚለኩት በዳዊት ነው፤ ከቤታችን ቁይ ገበያ አንድ ዳዊት ደግመው ይደርሳሉ።

«አራት ሰዓት ተኩል? ይህማ የቁይ መንገድ ነው። ታዲያ ልጄን ምን ያዛት?» አሉኝ።

«አሠሪዎቿ ፓስፖርቷን ይዘውባት ነው፣ አባባ» አልኳቸው። አፌ አያርፍም።

አባባ ደጃፍ ተቀምጠው ዳዊታቸውን ከዳር እስከ ዳር ደገሙ። ሲጨርሱ ተነስተው መንገዱን አዩና፣ «ጠዋት ተነስታ ቢሆን ይኸኔ ደርሳ ነበር» አሉ።

አክስቴ ዛሬም አልመጣችም። እኔ ማክሰኞ እበራለሁ። ለአባባ እስካሁን አልነገርኳቸውም።