ከባሌ ሱቅ ፊት ለፊት የሸጥኳቸው የገና አሻንጉሊቶች

ከአገር የወጣሁ ዕለት ሰማዩ ገና ግራጫ ነበር። አዶት፣ እናቴን ማለቴ ነው፣ ሳህሌን ጀርባዬ ላይ አዝላልኝ ማሰሪያውን ሁለቴ አጥብቃ፣ በቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ በእጄ አስያዘችኝና እስከ አጥሩ ሸኘችኝ። እናንተ ጎረቤቶቼ «ዘነበች ባሏን ልትለምን ሄደች» ብላችሁ እንዳወራችሁ ሰምቻለሁ። አልፈርድባችሁም። ግን ልለምነው አልሄድኩም። እንዲያፍር ላደርገው ነበር የሄድኩት፣ እውነቱን ካሁን በኋላ ብነግራችሁ ምን ይጎዳኛል?

ፈለቀ ለንግድ ብሎ አዲስ አበባ ሲገባ ሳህሌ በሆዴ ነበር። ልጁ ተወለደ፣ ዳኸ፣ ግድግዳ ይዞ ቆመ፤ አባቱ ግን ድምፁ የለም። በኋላ አንድ የከብት ነጋዴ ከከተማ ሲመለስ «ፈለቀማ ኮልፌ ሱቅ ከፍቷል፣ ሚስት አግብቷል፣ ሴት ልጅም አለችው» አለን፤ እንደ ምሥራች ነበር የሚያወራው። ሴቶቹ አልቅሺ አሉኝ። እንባዬ እምቢ አለ። ውስጤ እንደ ምጣድ ግሎ ነበር፣ ምን እንባ ይወጣል?

መንገዱን አልዘረዝርላችሁም። አውቶቡሱ ከሰው ይልቅ በበርበሬ ማዳበሪያ የተሞላ ነበር፤ ሳህሌ እስኪደክመው አስመለሰው። ከተማ ስንገባ ሌላ አውቶቡስ ያዝን። ረዳቱ «ፌርማታ!» እያለ ወደ እኔ ሲጮህ የሰው ስም መስሎኝ «እኔ አይደለሁም፣ ዘነበች ነኝ» አልኩት። አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀብኝ። ጦር ኃይሎች የሚባል ሰፈር አውርደውኝ እየጠየቅሁ በእግሬ ወደ ኮልፌ ወጣሁ። ብርዱ ከእኛ አገር ብርድ ይለያል፤ የእኛ ጠዋት ይነክስና ይለቃል፣ የዚህ ልብስ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ሰዉ ደግሞ ሰላምታ አይጨርስም። ስለ ከብቱ፣ ስለ እርሻው፣ ስለ ዘመዱ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ጀርባውን አገኘዋለሁ።

ሱቁን አገኘሁት። የጃንሆይ ፎቶግራፍ ከመደርደሪያው በላይ ተሰቅሏል፣ ከሥሩ ፈለቀ ወፍሮ፣ ጥሩ ኮት ለብሶ ስኳር ይመዝናል። ሲያየኝ ስኳሩን ከሚዛኑ ውጭ አፈሰሰው። ልጁን አየው። ቀና ሲል ሚስቱ ከጓዳ ወጣች፤ ሰብለ ትባላለች፣ ቀይ፣ ፊቷ ክፉ ያልሆነ ሴት።

«ማን ናት?» አለችው።

«የአገሬ ልጅ ናት» አለ ፈለቀ ዓይኔን ሳያይ። «ምስኪን፣ ባሏ ሞቶባት ነው።»

ሰብለ «እኔን!» ብላ ደረቷን ያዘች፣ ውሃ አምጥታ አጠጣችኝ፣ ለሳህሌ ዳቦ ቆረሰችለት። እኔም ባሌ ፊት ቆሜ በባሌ ሞት ተጽናናሁ። ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። ግን በአንድ ጩኸት የሚያልቅ ነገር አልፈለግሁም። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ወጣሁና እዚያው ከሱቁ ፊት ለፊት የሚከራይ ክፍል ጠየቅሁ።

አከራይዋ እትዬ ብዙነሽ ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ።

«ባል አለሽ?»

«ሞቷል ይሉታል።»

«ይሉታል ማለት ምንድን ነው?»

«እኔ አልቀበርኩትም፣ እትዬ።»

«እንግዲያው ወንድ እንዳታስገቢ። ዶሮ ማርባት የለም። ከጨለመ በኋላ መብራት ይጠፋል። ልጁ ያለቅሳል?»

«ልጅ ነው፣ እትዬ።»

«የማያለቅስ ብታመጪ ይሻል ነበር» ብለው ቁልፉን ሰጡኝ።

ልብስ እያጠብኩ መኖር ጀመርኩ። ከቦኖ ውሃ ስቀዳ በሱቁ በር አልፋለሁ፤ ልጄን ለፀሐይ የማወጣው ከሱቁ ትይዩ ነው። ፈለቀ ጠዋት መዝጊያውን ሲከፍት መጀመሪያ የሚያየው የእኔን ፊት ነበር። አንድ ቀን ሰብለ ሳትኖር መጥቶ «ምን ትፈልጊያለሽ? ወደ አገርሽ የምትገቢበትን ልስጥሽ» አለኝ። «ሙት ሰው ምን ይሰጣል?» አልኩት። ተመልሶ ገባ።

ገና ሲቃረብ የሱቁ መስኮት አሻንጉሊት በአሻንጉሊት ሆነ። እኛ አገር ገና ሲመጣ ልጅ ቅቤ ይቀባል፣ ሥጋ ይጎርሳል፣ በቃው። እዚህ ግን የደመወዝተኞቹና የወታደሮቹ ሚስቶች ለልጅ የገና ስጦታ መግዛት ከፈረንጆቹ ለምደዋል። ፈለቀ የቆርቆሮ መኪና፣ ዓይኗን የምትጨፍን የላስቲክ አሻንጉሊት፣ ከበሮ የሚመታ ዝንጀሮ ሰቀለ። ሳህሌ መስታወቱ ላይ አፍንጫውን ለጥፎ ቀረ። ፈለቀ ወጥቶ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ይሄን ልጅ ውሰጅው፣ መስታወቱን በልሃጭ ጨረሰው።»

በልሃጭ! የገዛ ልጁ! ልጄን አንስቼ ገባሁ፣ በሩን ዘጋሁ፣ እጄን ሥራ ካላስያዝኩት ድንጋይ እንደማነሳበት አወቅሁ። ከአገር ነጠላዬን ያሰርኩበት የእንሰት ቃጫ ነበረኝ። ጠቅልዬ፣ ገምጄ፣ አራት እግርና ጅራት አወጣሁለትና ፈረስ ሠራሁ። ጎረቤቴ ያለው ልብስ ሰፊ ክራቸው ያለቀ የክር መጠቅለያ እንጨቶች ሰጠኝ፤ ደርድሬ በሲባጎ አስሬ የሚጎተት ባቡር አደረግሁት። ባዶ የወተት ቆርቆሮ ውስጥ ባቄላ ጨምሬ አፉን በወፍራም ጨርቅ ሰፋሁት። ሳህሌ ፈረሱን በጥርሱ ይዞ፣ ባቡሩን እየጎተተ፣ ቆርቆሮውን እያንኳኳ ከሱቁ በር ላይ ወዲያ ወዲህ ይል ጀመር።

አንዲት የወታደር ሚስት መስኮቱን እያየች ቆማ ነበር፤ ዞር አለችና «ይሄን ከየት ገዛሽው?» አለችኝ።

«ሠራሁት።»

«የእኔዋ ያገኘችውን ሁሉ አፏ ውስጥ ነው የምትከተው። ያ የቆርቆሮ መኪና ምላሷን ይቆርጥብኛል። እንዲህ ያለ ፈረስ ሥሪልኝ።»

በማግሥቱ ሁለት ሌሎች ሴቶች ይዛ መጣች። ማዳበሪያ አነጠፍኩና እዚያው ከሱቁ ፊት ተቀመጥኩ። የጨርቅ ኳስ ሠራሁ፣ ጠጠር የገባበት ትንንሽ ቅል፣ ከልብስ ሰፊው ቁርጥራጭ ጨርቅ ሕፃን ያዘለች አሻንጉሊት። ድሃም ሊገዛው የሚችል ነበርና ድሃው ሁሉ መጣ፤ ቀጥሎም ድሃ ያልሆነው። በፈለቀ መስኮት ላይ ዝንጀሮው ከበሮውን ይመታል፣ የሚሰማው ግን የለም። እንዴት ጣፈጠኝ! እህል ረስቼ ነበር የምውለው።

ፈለቀ የማዘጋጃ ቤት ዘበኛ ላከብኝ።

«ፈቃድ አለሽ?» አለ ዘበኛው ዱላውን እያወዛወዘ።

«የምን ፈቃድ?»

«የመሸጥ።»

«እኔ ልጄን እያጫወትኩ ነው።»

«እነዚህ ሁሉ ሰዎችስ?»

«እነሱም የየራሳቸውን ሊያጫውቱ ነው።»

ጎንበስ ብሎ ባቡሩን አነሳው፣ በመዳፉ ላይ አንከባለለው። «አንድ ልጅ አለኝ፣ ገና መቆሙ ነው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ባቡሩን ይዞ ሄደ፤ ሁለተኛ አልመጣም።

የገና ዋዜማ ከሰዓት በኋላ ማዳበሪያዬ ላይ አንድ የቃጫ ፈረስ ብቻ ቀረ። ሴቶቹ፣ እትዬ ብዙነሽም ጭምር፣ ከበውኝ ያወራሉ። የፈለቀና የሰብለ ትንሽ ልጅ በሱቁ ደፍ ላይ ተቀምጣ ፈረሱን እያየች ታለቅሳለች። የላስቲክ አሻንጉሊት ሰጧት፣ ወረወረችው። መኪናውን ሰጧት፣ በእግሯ ገፋችው። በመጨረሻ ፈለቀ ራሱ ኪሱ ውስጥ እጁን ከቶ መጣ።

«ስንት ነው?»

«ለአንተ በገንዘብ አይሸጥም» አልኩት። ሴቶቹ ወሬያቸውን ጥለው ዞሩ። «የዚህ ልጅ አባት ሞቷል ብለሃል። አሟሟቱን ለእነዚህ ሴቶች ንገራቸው፣ ፈረሱን በነፃ ውሰድ።»

ፊቱ አመድ መሰለ። ወደ ሱቁ ዞረ፤ ልጅቷ ጮኸች። ወደ እኔ ዞረ። ሰብለ በር ላይ ቆማ ነበር፣ «ፈለቀ፣ ምን እያለች ነው?» አለች።

«ሰብለ፣ ግቢ» አላት።

«አልገባም። ምን እያለች ነው?»

ሳህሌ መሃላችን ላይ ቆርቆሮውን እያንኳኳ ቆሟል። ግንባሩ የእሱ ግንባር ነው፣ ጆሮው የእሱ ጆሮ። ሴቶቹ አንዴ ልጁን አንዴ አባቱን ያያሉ፤ ነገሩ ሲገባቸው ከየፊታቸው አየሁት።

«አልሞተም» አለ ፈለቀ፣ በማይሰማ ድምፅ።

«ከፍ አድርግ፣ እትዬ ብዙነሽ ጆሯቸው ይከብዳል።»

«አልሞተም! ልጁ የእኔ ነው። እሷም ሚስቴ ናት። ይበቃሻል?»

ፈረሱን ሰጠሁት። ተቀብሎ ሲዞር ሰብለ ልጇን አንስታ ሱቁን ከውስጥ ዘጋችበት። በዋዜማ፣ ገዢ በሚበዛበት ሰዓት፣ በገዛ መደብሩ በር ላይ የቃጫ ፈረስ ታቅፎ ቆሞ ቀረ። እኔ ማዳበሪያዬን አራግፌ አጠፍኩ። ይቅርታ አላደረግሁለትም፤ ዛሬም አላደረግሁለትም። ሰብለ ግን አሳዝናኛለች፤ ውሃ ያጠጣችኝ ሴት ናት። ከበዓሉ በኋላ መጥታ ደጃፌ ላይ ተቀመጠች፣ ልጇን ከሳህሌ ጋር አስጫወተቻት፣ ተነስታ ሄደች። ቆይቶ ሁለቱም ሳንሱሲ ወደሚባል ሰፈር ቤት ቀይረው ለቀቁ ተባለ። ሱቁን ሌላ ሰው ያዘው።

እሱ ከሄደ በኋላ ጠዋት ስነሳ ፊቴን ወዴት እንደማዞር ጠፋኝ። ሥራዬ ግን ያዘኝ። ገና በመጣ ቁጥር ልጆቻቸው ጎረምሳ የሆኑ እናቶች ሳይቀሩ ለታናናሾቹ ይመጡብኛል፤ ቃጫ ከአገር አስመጣለሁ። ጎረቤቶቼ፣ የምትልኩልኝን ቃጫ ሳሸት ቤታችን ይሸተኛል፤ ከሥራዬ በፊት ጥቂት ታቅፌው እቀመጣለሁ።

ባለፈው በገበያችን ከተማ ቴሌፎን ገባ ሲሉኝ አዶትን አስጠርቼ ደወልኩ። ሩቅ ያለሁ ስለመሰላት ትጮሃለች። ሳህሌን አቀረብኩት። እሱ አሁን አማርኛ እንጂ የእኛን አፍ አያውቅም። «አያቴ፣ እናንተ ጋ መብራት አለ?» አላት።

«ምን አለ?» አለችኝ አዶት በእኛ ቋንቋ።

«መቼ ነው የምትመጪው ብሎሻል» አልኳት።

«እኔ መንገዱን መች አውቀዋለሁ» አለች። «መንገዱን የምታውቂው አንቺ ነሽ።»

የቴሌፎን ቤቷ ሴት መሃል ገብታ «ጨረሳችሁ?» አለች።

«አልጨረስንም» አልኳት፤ እጀታውን በሁለት እጄ አጥብቄ ይዤ።