ሥጋው የማን ነው?

ባለፈው ቅዳሜ ከስታዲየም ጀርባ ባለች ጠባብ በርገር ቤት፣ መጽሐፌን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ፣ ምጣዱ ላይ የሚንጫጫውን ሽንኩርት ሽታ እየማግሁ ያዘዝኩትን ስጠብቅ፣ ተማሪ የሚመስሉ ሁለት ልጃገረዶች ገብተው ከፊት ለፊቴ ተቀመጡ። አንዷ ሒጃብ ለብሳለች፤ የሌላዋ አንገት ላይ ጥቁር ማተብ ይታያል። አስተናጋጁ ጠረጴዛቸውን ጠርጎ ሳይጨርስ ባለሒጃቧ ቀና ብላ «ሥጋው የማን ነው?» አለችው። «የክርስቲያን ነው» አላት። «በቃ ለኔ እንቁላል ሳንዱች፣ ለሷ በርገር» አለችና ያቋረጠችውን ወሬ ቀጠለች። ነገሩ ሁሉ አንድ ጉርሻ ተላምጦ እስኪዋጥ ያህል እንኳ አልፈጀም። እኔ ግን የማነበው መስመር ጠፋኝ፤ ገጹን ሦስት ጊዜ ከላይ ጀምሬ ሦስቱንም ጊዜ መሃል መንገድ ላይ ቀረሁ። ያችን አጭር ጥያቄ፣ ልክ ያችን ልጅ በማክልበት ዕድሜ፣ ካዛንቺስ ውስጥ ጠይቂልኝ ተብዬ ተልኬ፣ ሳልጠይቅ መልስ ይዤ ተመልሻለሁ።

ትምህርት የጀመርኩት ዘግይቼ ነው። አክስቴ ከገጠር አስመጥታኝ ካዛንቺስ ስገባ አሥራ ሁለት ዓመት ሞልቶኝ ፊደል አልቆጠርኩም ነበር። እሷ የመሥሪያ ቤት መዝገብ ያዥ ነበረች፤ ያልተመዘገበ ነገር የሚያበሳጫት ሴት ስለሆነች በመጣሁ በሳምንቱ ወስዳ አንደኛ ክፍል አስመዘገበችኝ። ጉልበቴ ዴስኩ ሥር አልገባ ስላለ ከኋላ ጥግ ተደረግሁ፤ እዚያ ጥግ ላይ እንደኔ ጉልበቷ አልገባ ያላት አንዲት ልጅ ጎኗን ወደ መተላለፊያው ሰጥታ ተቀምጣ አገኘሁ። ሙኒራ ትባላለች፤ ስልጤ አገር አያቷ ዘንድ ቆይታ ገና መምጣቷ ነበር፤ አባቷ ከኛ ቤት በታች ሱቅ ነበራቸው። ትንንሾቹ ሁለታችንንም «እትዬ» እያሉ ይጠሩን ነበር። አንድ ጊዜ እንዲያውም አዲስ የተቀጠረ አስተማሪ በር ላይ አስቁሞን በትሕትና «ልጆቹን አድርሳችሁ ከሆነ መሄድ ትችላላችሁ» አለን። ሙኒራ «እሺ፣ አደራ እንግዲህ፣ ትልቁ ይረብሻል» ብላው ወደ ቦታዋ አለፈች፤ እኔ አፍሬ ቀኑን ሙሉ ቀና አላልኩም። እንዲህ ነበርን። እሷ ትናገራለች፣ እኔ አነባለሁ።

ሁለት ጊዜ ክፍል ዘለን ሰባተኛ ስንደርስ ነው በርገር ፍለጋው የተጀመረው። አክስቴ ከአንድ የመሥሪያ ቤት መሸኛ ግብዣ ግማሽ በርገር በሶፍት ጠቅልላ አመጣችልኝ፤ ቀዝቅዟል፣ ሰላጣው ጠውልጓል፣ ዳቦው ቲማቲሙን ጠጥቶ ረጥቧል፤ ቢሆንም እንዲህ ያለ ነገር በልቼ አላውቅም ነበር። በማግስቱ ለሙኒራ ነገርኳትና የዕረፍቱን ሰዓት ሙሉ ስትጠይቀኝ ዋለች። ከዚያ በኋላ የሰፈር ሴቶችን ደብዳቤ እየጻፍኩ በማገኛት፣ እሷም አባቷ በሚሰጧት፣ አሥራ አምስት ቀን እየጠበቅን ቅዳሜ ከሰዓት በርገር ፍለጋ መውጣት ጀመርን። ያኔ ካዛንቺስ ከየመሥሪያ ቤቱ ሥር፣ ከየጋራዡ ጎን፣ ሦስት ጠረጴዛ የሞላባቸው፣ ግድግዳቸው ቅባት የጠገበ፣ ሰው ክርኑን ካሳረፈ ሸሚዙ ተጣብቆ የሚቀርባቸው ቤቶች ነበሩት፤ ከነሱ አልፈን እስከ ቄራም ወርደናል።

አብረን እንወጣለን እንጂ አንድ ነገር አንበላም። ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም፣ ሙስሊም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም፤ ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም፣ እንደ ስማችን ይዘነው ያደግነው ነው። የቤቱን ማንነት ግድግዳው ይናገራል፤ ወይ የማርያም ሥዕል አለ፣ ወይ የካዕባ ፎቶ። ስለዚህ ተራ አወጣን። አንድ ቅዳሜ እኔ የምበላበት ቤት እንሄዳለን፣ ሙኒራ እንቁላል ሳንዱች ታዛለች፤ በሚቀጥለው እሷ የምትበላበት እንሄዳለን፣ እንቁላሉ ለኔ ይሆናል። ያልበላችው ትጠይቃለች፣ የበላችው ትመልሳለች፣ መልሱ ደብተር ላይ ይጻፋል።

«ይጣፍጣል አትበይኝ» ትለኝ ነበር ሙኒራ። «ይጣፍጣል ማለት ዝም እንደማለት ነው። ጥርስሽ መጀመሪያ ምን አገኘ?» እኔም ዓይኔን ጨፍኜ እፈልጋለሁ፤ የዳቦውን ቅርፊት፣ የሽንኩርቱን የተቃጠለ ጫፍ፣ ሰናፍጩ አፍንጫ ውስጥ የሚቆይበትን ልክ። እሷ ግን መፈለግ አያስፈልጋትም፣ ቃሉ ራሱ ይመጣላታል። የቄራውን በርገር «ዳቦው እንደ ሒሳብ አስተማሪያችን ነው፣ ከውጭ ደረቅ፣ ሲቀርቡት ሆደ ባሻ። ቃሪያው ቀድሞ ገብቶ ወንበር ይይዝና ነው ሌላው የሚገባው» ብላኝ እንቁላሌን ይዤ እስኪያስለኝ ስቄያለሁ። ዛሬ የምተዳደረው የሰው ጽሑፍ በማረም ነው። «ግሩም» እና «አስደናቂ» የሚሉ ቃላት ላይ ያለ ርኅራኄ ቀይ ቀለም የማሰምረው ትምህርት ቤት ስለተማርኩ አይደለም፤ የማትበላውን በቃል ማጉረስ ስለተማርኩ ነው።

ወደ ኡራኤል በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከሰፈራችን ራቅ ብሎ፣ ክረምት ከበጋ የሱፍ ኮፍያ የማያወልቁ ሰውዬ ቤት ነበራቸው። ሁሉም ጋሽ ኮፍያ ነው የሚላቸው። ሥጋውን ራሳቸው በእጅ ፈጭተው፣ በቁንዶ በርበሬና ጥቂት ሽንኩርት ለውሰው፣ ምጣዱ ላይ መዳፍ በሚያህል መገልበጫ ይጫኑትና ዳቦውን ለሁለት ከፍለው እዚያው ሥጋው በለቀቀው ስብ ላይ ይደፉታል። ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት አክስቴ ይዛኝ ሄዳ በላሁ። ለሙኒራ ልነግራት ብሞክር ቃል አነሰኝ። ደጋግሜ ጀመርኩት፣ ደጋግሜ አጠፋሁት። እሷም የወትሮዋን ትታ አላፋጠጠችኝም። «እንግዲህ ይኼኛው እኔ ሳልቀምሰው ሊቀር ነው» ብላ ደብተሩን ዘጋችው። ሃምሳ አምስቱን የጾም ቀን ያችን አነጋገር ይዤ ከረምኩ።

ጋሽ ኮፍያ ክርስቲያን መሆናቸውን እንደ እጄ መዳፍ አውቀዋለሁ፤ ከአክስቴ ጋር የሚካኤልን ማኅበር ይጠጣሉ። ቅባትና ጭስ በሚያርፍበት ቦታ ሥዕል አይሰቀልም ብለው ነው እንጂ ሥዕሉስ መኖሪያ ቤታቸው አለ። ከፋሲካ በኋላ ሙኒራን ይዣት ሄድኩ። ሳላስበው ያደረግኩት ነው ብዬ ብጽፍ ደስ ይለኝ ነበር። ነገር ግን ያ ቅዳሜ በተራችን የሷ የመብላት ቀን ነበር፤ ይህን ከቤት ስወጣ አልረሳሁትም።

በረንዳው ላይ ካለችው ጠረጴዛ ተቀመጥን። ሰውየው ከውስጥ፣ ከመጋረጃው ጀርባ ምጣዳቸው ላይ ናቸው። ሙኒራ አንገቷን አስግጋ ግድግዳውን ቃኘች፤ ያለው የቀን መቁጠሪያና መስታወት ብቻ ነው።

«ባዶ ነው» አለችኝ። «አንቺን ያውቁሻል አይደል? ሂጂ ጠይቂልኝ።»

መጋረጃውን ገልጬ ገባሁ። ጋሽ ኮፍያ «ምን ልሥራልሽ የኔ ልጅ?» አሉኝ። «ሁለት በርገር፣ ጋሼ» አልኩ። የጠየቅሁት ይኸው ነው። ተመልሼ «እስላም ናቸው» አልኳት።

«ታዲያ አንቺስ?»

«ዛሬ እበላለሁ።»

«የእስላም ሥጋ?» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ለኔ ብለሽ?»

ይህን አላዘጋጀሁትም ነበር። ራሴን ነቀነቅሁ። ያ ሁሉ ምላስ ያላት ልጅ እጄን ያዘችኝ፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ። እኔ የተውኩት ነገር የለም፤ የምበላው የራሴን ነው። የተወችው እሷ ናት፣ ሳታውቀው፤ ለዚያውም እያመሰገነችኝ።

በርገሮቹን ራሴ ከውስጥ ተቀብዬ አመጣሁ፤ እሷም ከእጇ ሳታወርድ እስከ መጨረሻው በላች። ከዚያ ጣቷን በሶፍት ጠርጋ ደብተሩን ተቀበለችኝና በዚያ ወደ ግራ በሚያዘነብል ጽሕፈቷ እንዲህ ስትል ጻፈች፦ «ዳቦው ሳይሰበር ይሰነጠቃል። ከዚያ ሥጋው ይመጣል፣ አይቸኩልም። ጠርዙ የከረረ፣ መሃሉ የላላ ነው። ስለዚህኛው መናገር አያስፈልገኝም፤ አብራኝ በልታለች።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምስጢሬን የምትጠብቅ መሰላት። አክስቴ ፊት የምግብ ወሬ ከተነሣ ቀድማኝ «እሷማ ከኔ ጋር ከወጣች ከእንቁላል ሌላ አታውቅም፣ በቅርቡ ትጫጫለች» እያለች ታስቃታለች። አክስቴ ትስቃለች፤ እኔ ሰሃኔን አያለሁ።

ሦስት ሳምንት አልሞላም። አክስቴ ጋሽ ኮፍያ ዘንድ ልካኝ ስሄድ፣ ሥጋውን ምጣዱ ላይ እየተጫኑ እንደ ተራ ወሬ አጫወቱኝ። «ትናንት አንዲት ልጅ እናቷንና ታናሽ እህቷን ይዛ መጥታ፣ እዚህ ያለው በርገር የትም የለም እያለች ታስገባቸዋለች። እናትየው በጥቁር ልብስ የተሸፈኑ ናቸው። ዝም ብዬ ላብላቸው? እጄን ጠርጌ ወጣሁና፣ ይቅርታ እናቴ፣ ሥጋው የክርስቲያን ነው፣ እንቁላል ልሥራላችሁ አልኳቸው። የልጅቷ ፊት አመድ መሰለ።»

«እናቷስ ምን አሉ?» አልኩ።

«የእስላም ነው ያለሽ ማን ነው ብለው ጠየቋት። ማንም አላለኝም እማዬ፣ ከሌላ ቤት ጋር ተምታቶብኝ ነው አለች። ጨዋ ልጅ ናት። ይቅርታ ጠይቃኝ ሄደች።»

የአክስቴን በርገር ተቀብዬ እንዴት ቤት እንደደረስኩ አላስታውስም። ሙኒራ ስሜን አልጠራችም። እናቷ ፊት፣ ታናሽ እህቷ ፊት፣ ሞኟ እሷ ሆነች።

ሰኞ ጠዋት እንደ ሁልጊዜው ጎኗን ወደ መተላለፊያው ሰጥታ ተቀምጣ ነበር። ለዕረፍት ሌሎቹ ሲወጡ እሷ አልተነሣችም። ቀስ ብላ፣ ዴስኩ ላይ ያለውን የቢላዋ ጭረት በጥፍሯ እየተከተለች፣ «ጠይቀሽ ነበር?» አለችኝ።

ያን ጊዜ አይ ብላት ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። «አዎ» አልኳት። «እስላም ነኝ ብለውኛል።» አንድን ሐቀኛ ሰው፣ ለሷ ብለው ከምጣዳቸው ተነሥተው የመጡትን ሰው፣ ውሸታም አደረግኋቸው። ሙኒራ ቀና ብላ አየችኝ፤ «ይጣፍጣል» ስላት የምታየኝ አስተያየት ነበር። «እሺ» አለች። ለማንም አልተናገረችም፣ ለስምንተኛ ክፍል ፈተናም እስከ መጨረሻው አብራኝ አጠናች። ቅዳሜ ሲመጣ ግን ሱቅ እንዳይዘጋ ሥራ አለብኝ ትላለች። ደብተሩ እኔ ዘንድ ቀረ። ፈተናውን አልፈን የተለያየ ትምህርት ቤት ደረሰን፤ ቆይቶም ሰፈሩ ሲፈርስ እኛ ሰንጋ ተራ ኮንዶሚኒየም ደረሰን፣ እነሱ ወደ ቄራ ወረዱ።

ከስንት ዓመት በኋላ፣ መኖሬን እንኳ የረሳችው ሲመስለኝ፣ የሠርግ ጥሪ ወረቀት ላከችልኝ። ግብዣው ቄራ፣ ከአባቷ ቤት ፊት ለፊት በተተከለ ድንኳን ነበር። ለክርስቲያን እንግዶች እንደ ወጉ ድንኳኑ ጥግ ላይ ለብቻ ተዘጋጅቷል፤ ድስቱ ሌላ፣ ጭልፋው ሌላ፣ አሳላፊዎቹም ሌላ። ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቿ ጋር ተቀምጬ ሰሃኔ ከፊቴ እንደተደረገ፣ ሙሽራዋ ከወንበሯ ተነሥታ፣ የሚዜዎቿን ጥሪ ከቁብ ሳትቆጥር፣ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል አልፋ አጠገቤ መጣች። ሽቶዋና የሒና ሽታዋ ሸፈነኝ። ጎንበስ ብላ በጆሮዬ፦

«ያረዱት ጎረቤታችን ናቸው፣ የናንተ ሰው። ትናንት ቆሜ አይቻለሁ። ጠይቄልሻለሁ፣ ብዪ።»

ድምጿ ውስጥ ቁጣ ፈለግሁ። ቁጣ ባገኝ ይቅርታዬን የማሳርፍበት ቦታ አገኝ ነበር። አላገኘሁም። ድሮ ደብተር ስታውሰኝ እንደምትናገረው ነው የተናገረችው። ቀና ስል ወደ ቦታዋ ተመልሳለች፣ እልልታው ቀልጧል። በላሁ፤ አልበላም ማለት አይቻልም ነበር። አፌ የቀመሰውን ሁሉ ቃል በቃል የማስታውስ ሰው ነኝ፣ ያ ምግብ ግን ጨው ይኑረው አይኑረው አላውቅም። ሙኒራ ባሏን ተከትላ ሐዋሳ ገባች ሲሉ ሰማሁ። ስልኳን የሚያውቅ ሰው አውቃለሁ። እስከ ዛሬ አልጠየቅሁትም።

ወደ ኡራኤል በሚወስደው መንገድ ዳር አሁን የመስታወት ፎቅ ቆሟል፤ ምድር ቤቱ ውስጥ የምግብ ዝርዝሩ እንደ መጽሐፍ የሚገለጥ በርገር ቤት ተከፍቷል። እዚያም በልቻለሁ፣ ትልልቅ ሆቴሎች ውስጥም በልቻለሁ፤ ፍለጋውን አልተውኩትም። ሥጋው ተሽሏል፣ ዳቦው ተሽሏል፣ በልቼ ስጨርስ የማልሰማው «ጥርስሽ መጀመሪያ ምን አገኘ?» የሚለውን ብቻ ነው።

ያለፈው ቅዳሜም ያዘዝኩት መጣልኝ። ልጆቹ ፊት ለፊቴ፣ አንዷ በርገሯን፣ ሌላዋ እንቁላሏን ይዘው፣ እየተሳሳቁ ይበላሉ። ቀስ ብዬ በላሁ፤ ከልማድ ዓይኔን ጨፍኜ ፈለግሁ፣ አገኘሁም። የዳቦው ታች ስቡን ጠጥቶ ከብዷል፣ ሽንኩርቱ ጫፍ ጫፉ መሯል፣ ቁንዶ በርበሬው ሁሉ ነገር ከተዋጠ በኋላ ብቻውን ዘግይቶ ይመጣል። ቃሉን ሁሉ ደህና አድርጌ ደርድሬ ይዤው ሳለ አስተናጋጁ ሰሃኑን ሊያነሣ መጣ።

«እንዴት ነበር፣ እትዬ?»

«ይጣፍጣል» አልኩት።