በእሷ ልክ የተሠራች መኪና

ሰውየው የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ የሚታወቀው ግን «ዘይቱ» በሚለው ቅጽል ስሙ ነው። ስሙን ያወጡለት ተሳፋሪዎች ናቸው። አውቶቡሱ ሲነሳ አይታወቅም፣ ሲቆምም አይታወቅም፤ ቆማ የተሳፈረች አሮጊት እንኳ ሳትንገዳገድ ከመውረጃዋ ትደርሳለች። «እንደ ዘይት እኮ ነው የሚነዳው» አሉ፤ በዚያው ዘይቱ ሆኖ ቀረ። ዕድሜ ልኩን ሰው ሳያንገጫግጭ ማድረስን ሙያዬ ብሎ የያዘ ሰው ነው። በዚህም ይኮራል፤ ኩራቱም ያምርበታል።

የቅዳሜው ነገር ግን ሌላ ነው። ከከተማው ዳር፣ ከጡብ ፋብሪካው ጀርባ፣ አፈር ተቆልሎና ተጠቅጥቆ የተሠራ የመወዳደሪያ ሜዳ አለ። እዚያ ቅዳሜ ቅዳሜ በሪሞት የሚነዱ ትንንሽ ፒክአፖች ይሽቀዳደማሉ። ርዝመታቸው ክንድ ቢያክል ነው፤ ጎማቸው ግን ወፍራም፣ ሞተራቸው ቁጡ ነው። ጉብታ ላይ ይዘላሉ፣ ጉድጓድ ውስጥ ይነጥራሉ፣ ኩርባ ላይ ይገለበጣሉ። ነጂዎቹ ከፍ ባለ የእንጨት መድረክ ላይ ተደርድረው፣ ሪሞታቸውን ደረታቸው ላይ ይዘው፣ ዓይናቸውን ከመኪናቸው ላይ ሳይነቅሉ ይነዳሉ። ባንክ የሚያስተዳድር ሰው እዚያ መድረክ ላይ መኪናው ስትገለበጥበት ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥ ያየ፣ ዳግመኛ ብድር ለመጠየቅ አይፈራውም።

ዘይቱ መጀመሪያ ላይ ራሱ ነበር የሚነዳው። ለምን ይዋሻል፣ ሁልጊዜም መጨረሻ ነበር። ጉብታ ሲመጣ ቀስ፣ ኩርባ ሲመጣ ቀስ፤ ሌሎቹ ሁለቴ ሲዞሩ እሱ ገና ፍሬን እየያዘ ነው። አንድ ቅዳሜ ምሳውን ልታደርስለት የመጣችው ባለቤቱ «እስቲ አምጣው» ብላ ሪሞቱን ተቀበለችውና አንድ ዙር ነዳች። ሜዳው ሁሉ ዞሮ አያት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ጣቶቿ ከሐሳቧ ይቀድማሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራው ተከፈለ፤ እሷ ትነዳለች፣ እሱ መኪናዋን ያዘጋጃል።

እሱም ቅር አላለው። እንዲያውም ልቡ ቅቤ ጠጣ። ሳምንቱን ሙሉ ተገናኙ ማለት አይቻልማ። እሱ ጎህ ሳይቀድ ወጥቶ ሲመለስ ይደክመዋል፤ እሷ ደግሞ ደንበኞቿ «ለነገ አድርሺልኝ» እያሉ የስፌት መኪናዋ ላይ እንዳጎነበሰች ይመሻል። ጎን ለጎን ቆመው ስለ አንድ ነገር የሚያወሩት፣ የሚጨቃጨቁትና የሚስቁት ቅዳሜ ብቻ ነው። ከውድድሩ ይልቅ የሚወደው ይህንኑ ነበር። አንድ ቀን እንኳ በአፉ አውጥቶ ግን አልነገራትም።

ቤታቸው ውስጥ ያለው ትልቅ ጠረጴዛ አንድ ነው። በአንዱ ጫፍ የስፌት መኪናው፣ በሌላው ጫፍ ፒክአፗ ተቀምጠዋል፤ መርፌና ብሎን ድንበር አያውቁም። አንድ ጊዜ ከሾኩ ላይ ተፈናጥራ የጠፋች ቀለበት የሙሽራ ቀሚስ ዘርፍ ውስጥ ተሰፍታ ሄዳ፣ ሙሽራዋ ከሠርጉ በኋላ «ይቺ ደግሞ የምንድን ናት?» ብላ ይዛት መጥታለች። ሾክ ማለት ከየጎማው በላይ የሚቆም፣ ውስጡ ዘይት ያለበት፣ ዙሪያውን ሞላ የተጠመጠመበት ትንሽ ቱቦ ነው። መኪናዋ ስትዘል ሞላው ይሸከማታል፤ የውስጡ ዘይት ደግሞ እንዳትፈናጠር ይይዛታል። ይህ ዘይት ሲሞላ አረፋ ከቀረበት ሥራው ሁሉ ከንቱ ነውና፣ ሰውየው ቱቦውን አቁሞ አረፋው አንድ በአንድ ወጥቶ እስኪያልቅ ፊት ለፊቱ ቁጭ ይላል።

«እኔ ለብሼ እስክወጣ እንዲህ ጠብቀኸኝ አታውቅም» ትለዋለች።

«አንቺ አረፋ የለብሽማ።»

በዚህ ዓመት ግን ነገር ተበላሸ። ከትልቁ ጉብታ ወርዶ የሚመጣው ሦስተኛው ኩርባ ላይ መኪናዋ በየሳምንቱ መገልበጥ ጀመረች። ትሮጥ ትሮጥና እዚያ ስትደርስ ሆዷን ለሰማይ ትሰጣለች። ባለቤቱ አንድ ሁለት ጊዜ ሳቀች፤ ከዚያ መሳቁን ተወችው። በመሐሉ ታናሽ እህቷ የልብስ ሱቅ ከፈተች።

«እህቴ ቅዳሜ ቅዳሜ እንድመጣላት ለምናኛለች» አለችው አንድ ምሽት፣ ክር በጥርሷ እየበጠሰች።

«ቅዳሜ?»

«ገበያ ያለው ቅዳሜ ነዋ።»

«መኪናዋስ?»

«መኪናዋማ ያለ እኔም መገልበጥ ታውቅበታለች።» ክሩን ከከንፈሯ ላይ አነሳችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «የዚህን ቅዳሜ እነዳለሁ። እዚያች ኩርባ ላይ ደግማ ከጣለችኝ ግን ከእህቴ ጋር ነኝ። አትቀየመኝ።»

አልተቀየማትም፤ ሆዱ ግን ባባ። ሆድ ሲባባ ደግሞ ሰው የለመደውን ያደርጋል። ዘይቱ የለመደው ማለስለስ ነው። በማግስቱ ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ ወደ ዕቃ መሸጫው ሄደ። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በትንንሽ ፓኬት ተሞልቷል፤ ባለ ሱቁም የእያንዳንዱን ቦታ ጨለማ ውስጥ ያውቀዋል።

«ከዚህኛው የለሰለሰ ሞላ ፈልግልኝ» አለው፤ ከኪሱ ያወጣውን እያሳየ።

«ጋሼ፣ ከዚህ የለሰለሰ የለኝም። ከዚህ ቀጥሎ ጥጥ ነው።»

«እንግዲያው ቀጠን ያለ የሾክ ዘይት አውጣልኝ። ጎማም ስጠኝ፤ ጥርሱ ረጅም፣ መሬት ቆንጥጦ የሚይዝ።»

ባለ ሱቁ ራሱን ነቀነቀና ሰጠው።

ረቡዕ ከሰዓት ሁለቱም ጊዜ አግኝተው ሊሞክሯት ሄዱ። መኪናዋ ጉድጓዶቹን እንዳላየች አለፈቻቸው፤ ጎማዎቹ ከታች ሲጨፍሩ አካሏ አልተነቃነቀም። ጉዞዋ አልጋ በአልጋ ሆነ። ዘይቱ ደስታው ፊቱ ላይ ፈሰሰ። ሦስተኛው ኩርባ ላይ ስትደርስ ግን አፍንጫዋን ደፋች፣ በአንድ ጎኗ ቆመች፣ ተገለበጠች።

ባለቤቱ ሪሞቱን ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

«አንድ ነገር ልንገርህ» አለች። «ልኬን ሳትወስድ ነው የምትሰፋልኝ።»

«እንዴት ማለት?»

«ይቺ መኪና ለአንተ ናት። አንተ ብትነዳት እንዲመችህ አድርገህ ታበጃታለህ፤ ከዚያ ንጂ ትለኛለህ። እኔ ደንበኛዬን ሳልለካ በራሴ ቁመት ቀሚስ ብሰፋላት ምን የምትለኝ ይመስልሃል?»

ዘይቱ አኮረፈ። ማኩረፍ አያውቅበትምና ሲያኮርፍ ጥርሱን ያመመው ሰው ይመስላል። በማግስቱ ግን አውቶቡሱን ይዞ ወደ ተራው ሲወጣ፣ ተሳፋሪ ገና ሳይገባ፣ ባዶ ወንበሮቹን በመስታወት አያቸውና ሐሳቡ እዚያው ላይ ቆመ። ትንሿ መኪና ውስጥ ማን አለ? ቆማ የምትሄድ አሮጊት የለችም፤ ሕፃን ያዘለች እናት የለችም። ይህን ሁሉ ጊዜ የሌለ ተሳፋሪ እንዳይንገጫገጭ ሲጨነቅ ኖሯል። ያለችው ነጂዋ ብቻ ናት፤ እሷን ደግሞ አንድ ቀን እንኳ ልብ ብሎ አላያትም።

ቅዳሜ ጠዋት ከማንም ቀድመው ሜዳው ደረሱ።

«ጥቂት ዙር ንጂልኝ» አላት፤ እሱ ጀርባውን ለሜዳው ሰጥቶ ፊቱን ወደ እሷ አዞረ።

«ዘይቱ፣ መኪናዋ በዚያ ናት» ብሎ አንዱ ከታች አሾፈበት። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። የሚያየው ጣቶቿን ነው። ነገር በዓይን ይገባል እንደሚባለው ገባው። እሷ ኩርባ ሲመጣ ቀስ አትልም። ስፌት ላይ እንደምታደርገው ነው፤ ቀጥታውን በሙሉ ፍጥነት ትነዳዋለች፣ የጨርቁ ማዕዘን ላይ ስትደርስ ቀጥ ታደርጋለች፣ ታዞራለች፣ እንደገና ትለቃለች። እንዲህ በድንገት ፍሬን ሲያዝ የመኪናዋ ክብደት ሁሉ ወደ አፍንጫዋ ይሮጣል። የፊቱ ሞላ ለስላሳ ነውና ይሰምጣል። ረጅም ጥርስ ያለው ጎማ ደግሞ መሬቱን ነክሶ አልለቅም ይላል። ታዲያ በገዛ እግሯ ተጠላልፋ ካልወደቀች ማን ይውደቅ?

ባለ ሱቁ በውድድር ቀን ዕቃውን ሜዳው ዳር ጃንጥላ ሥር ይዘረጋል። ዘይቱ ሄዶ ጠንካራውን የፊት ሞላ፣ ወፍራሙን ዘይትና ጥርሱ አጭር የሆነውን ጎማ ጠየቀ።

«ይሄ ለማን ነው ጋሼ? መኪናዋን ሸጥካት እንዴ?»

«ለባለቤቷ መለስኳት» አለው።

ካቻቪቴውን ይዞ ተቀመጠ። ሞላውን ቀየረ፣ የሾኩን ዘይት ደፍቶ ወፍራሙን ጨመረ፣ አረፋው ወጥቶ እስኪያልቅ እንደ ልማዱ ጠበቀ። የመኪናዋን ሆድ ወደ መሬት ዝቅ አደረገ፤ ጎማዎቹን ለወጠ። ከዚያ በመዳፉ ተጫናት። እምቢ አለችው። እንዲህ ድርቅ ያለች ነገር በእጁ ሠርቶ አያውቅም፤ አንጀቱን በላው። ቢሆንም አንዱንም ብሎን መልሶ አልነካም።

ውድድሩ ተጀመረ። መኪናዋ ጉድጓዶቹ ላይ ስትደርስ ድስት የጫነ ጋሪ መሰለች፤ ትንቀጠቀጣለች፣ ትንጫጫለች፣ ወዲያና ወዲህ ትላለች። ዘይቱ ማየት አቅቶት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ከትልቁ ጉብታ ዘልላ ወረደች። ሦስተኛው ኩርባ መጣ። ባለቤቱ ፍሬኑን ቀጥ አደረገችው፤ የመኪናዋ አፍንጫ ትንሽ ዘመም አለና ቆመ፤ መኪናዋ ዞራ ወጣች። በሁለተኛው ዙርም ወጣች። አንዴ የውስጠኛው ጎን ጎማዎች ከመሬት ተነሱና ተመልሰው አረፉ። ውድድሩ እስኪያልቅ አንድ ጊዜም ሳትገለበጥ አራተኛ ገባች። አንደኛ የወጣው ባንክ አስተዳዳሪው ነው፤ ይሁንለት።

ባለቤቱ ከመድረኩ ስትወርድ ግንባሯ በላብ ርሷል።

«ትንገጫገጫለች» አለች።

«በጣም።»

«ደስ ስትል።»

ዘይቱ መኪናዋን አገላበጠና ጎማ መፍታት ጀመረ። ያን ጊዜ የእሷ ስልክ ጮኸ። የደወለችው እህቷ ናት። ባለቤቱ ከጎኑ ካለው ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ስታናግራት ቃሉ ሁሉ ይሰማዋል።

«ቅዳሜ እንኳን አይሆንልኝም እቱ። ሐሙስ ከሰዓት ልምጣልሽ... ኧረ ስለ ውድድሩ አይደለም፤ አራተኛ ነው የወጣሁት። ሰውዬው ነው እንጂ። ብቻውን አይሆንለትም።»

ሌላ ቀን ቢሆን እያንዳንዱን ብሎን ያሰረው ማን ሆነና ብሎ ይሞግታት ነበር። አሁን ግን ዓይኑ ውሃ ሞልቶበት ብሎኑ አልታየውም። ካቻቪቴውን አስቀመጠና በስልኩ ውስጥ ላለችው እህት እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገ።

«እውነቷን ነው» አለ። «ያለሷ አይሆንልኝም።»